ያለ ምስክር የተፋቀ ቃል

በንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ያሳየናቸውን አጫጭር ቲያትሮች አንድም ሳያስቀሩ ያዩ፣ አንድም ቀን ግን ያላጨበጨቡ ሰው ነበሩ። አያ ጓዴ ይባላሉ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ያን ጊዜ እኔ «አንተ» እላቸው ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ እሳቸው የሃምሳ ዓመት ሰው፤ ዘበኛ በመሆናቸው ብቻ። እሳቸው ደግሞ አስተማሪ በመሆኔ ብቻ «እርስዎ» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ያን ጊዜ የነበሩበትን ዕድሜ አልፌ ብዙ ርቄ ከሄድኩ በኋላ፣ ስለ እሳቸው ልጽፍ ስቀመጥ ብዕሬ «አንተ» ለማለት እንቢ አለኝ። የዘገየ አክብሮት ነው። የዘገየ ነገር የሚያሳርፈው ሰጪውን እንጂ ተቀባዩን አይደለም።

ዘመኑ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ዩኒቨርሲቲው ትምህርታችንን ሳንጨርስ ለአንድ ዓመት አስተምሩ እያለ በየጠቅላይ ግዛቱ ይበትነን ነበር፤ ለእኔ የደረሰኝ በጌምድር፣ ጋይንት አውራጃ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ወረቀት ይበዛ ነበር፤ እኔና ጓደኞቼ የጻፍናቸው፣ ከግማሽ ሰዓት የማያልፉ አዳዲስ ቲያትሮች። ንጉሥና መኳንንት እየተንጎራደዱ የሚፎክሩበትን ረጅሙን ቲያትር ንቀነዋል። የእኛ ሁለት ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ ጭንቅ ነው። ይኸው በቃን እንል ነበር።

መድረካችን የሰባተኛ ክፍል መማሪያ ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አግዳሚዎቹን ወደ ኋላ እንገፋና ነጋዴው ጁሃር ያዋሰንን ጣቃ አቡጀዲ በገመድ ላይ ጥለን መጋረጃ እናደርገዋለን። ጁሃር ከፊት ይቀመጣል። «ጨርቄን ልጠብቅ እንጂ ለእናንተ ለእብዶቹ አይደለም የመጣሁ» ይላል፤ ከዚያ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው።

አያ ጓዴ በሩ ሥር ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ይቀመጣሉ። ቲያትሩ ሲያልቅ ሰው ያጨበጭባል፤ እሳቸው ዝም። ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ይጠብቁና መጥተው ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ካማራቸው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚወጣቸው፤ ቅኔ ሲያምር የሚባለው ቃል፤ «ይበል!»

የመጀመሪያው «ይበል» የተሰጠው ለእኔ ሥራ አልነበረም። አንድ ጓደኛዬ የጻፈው ነው፤ ሁለት ባላንጣ ገበሬዎች ድንበራቸው ላይ ተቀምጠው መሬት የሚለካውን ሹም ቀኑን ሙሉ ይጠብቃሉ፤ ሹሙ ሳይመጣ ይመሻል፤ እነሱ ግን ሲጨቃጨቁ ውለው ድንበሩን ራሳቸው ጨርሰውታል።

«አጭር መሆኑ ደግ ነው» አሉኝ አያ ጓዴ። «ነገር ሲረዝም ውሸት የሚቀመጥበት ቦታ ያገኛል።»

የሒሳብ አስተማሪው ባዩ ደግሞ ተደብቆ ስለሚበላ ንፉግ ሰው አንድ ጻፈ። እንዴት አገኘኸው ብዬ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ።

«መምህር ባዩ ይኼን ሲጽፉ ርቧቸው ነበር። ሰውዬውን አንዴ ወቀሱት፤ ዶሮውን ግን ሦስት ጊዜ ነገሩን።»

ባዩ ከመጋረጃው ኋላ ሰምቶ፣ «በገና ጾም ነው የጻፍኩት፣ ምን ላድርግ!» ብሎ ጮኸ።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ደረሰ። ማንበብ የማትችል ሴት የፍርድ ቤት ወረቀት ይዛ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው የምትንከራተትበት ነው። አያ ጓዴ ራሳቸውን ወዘወዙ።

«‹ወረቀቴን መልሱልኝ› ስትል ድምጿ መውደቅ አለበት። ድፋት ነው። ልጅቱ ግን አነሣችው። ቃሉ ደህና ነው፤ ዜማው ነው የጠፋው።»

በሳምንቱ ፈትለወርቅ የምትባለዋ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያንን ቃል ድምጿን ጥላ ተናገረችው። ክፍሉ ጭጭ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በቤተ መጻሕፍት ስለ ድራማ ሳነብ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ መጽሐፍ አልነበረም።

«ይኼን ከየት ተማርከው?» አልኳቸው።

«ከቤተ ልሔም ነዋ።»

እዚያው ጋይንት ባለችው የድጓ ማስመስከሪያ ደብር፣ በቤተ ልሔም፣ የድጓ ተማሪ ነበሩ። ድጓ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተሰበሰበበት መጽሐፍ ነው፤ ተማሪው በገዛ እጁ በብራና ይገለብጠዋል፤ ድምፅ የሚወድቅበትን፣ የሚረግጥበትን፣ የሚቆረጥበትን ትንንሽ ምልክት በየቃሉ አናት ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ይታረማል። አያ ጓዴ ሊያስመሰክሩ አንድ ክረምት ሲቀራቸው አባታቸው ሞቱ። በሬውንም እናታቸውንም የሚይዝ ሰው ጠፋና አገራቸው ተመለሱ። የድጓቸው የመጨረሻው ጥራዝ ባዶ ብራና ሆኖ ቀረ። በአንድ ክረምት ጉድለት መሪጌታ ሳይባሉ፣ በኋላም መሬቱ በክርክር ሲሄድባቸው፣ ዘበኛ ሆኑ፤ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እየደበደቡ የትምህርት ሰዓት የሚያስታውቁ ዘበኛ።

«ብራና ላይ ስሕተት ሲገኝ በሰንጢ ይፋቃል» አሉኝ አንድ ቀን። «ግን ‹መሰለኝ› ተብሎ አይፋቅም። ሌላ መጽሐፍ ይመጣል፣ የሚያውቅ ሰው ይጠየቃል፤ ምስክር ሲገኝ ነው ሰንጢ የሚመዘዝ። ያለ ምስክር የፋቀ እጁ ይቆረጥ ይሉን ነበር መምህራችን።»

«ይቆርጡ ነበር?»

«ኧረ በኩርኩም ነው የሚያልፉት። ኩርኩሙ ግን ከመቆረጥ አይሻልም።»

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ቲያትር ሲያይ ምን እንደሚሆን አስቡት። አንድ ጊዜ የሰሙትን ሁሉ ይይዙታል። የገበሬዎቹን ቲያትር ለሁለተኛ ጊዜ ስናሳይ ባዩ አንድ አረፍተ ነገር ዘለለ። ከበሩ ሥር ዱላ ሲመታ ተሰማ።

«ይመልሱ! አንድ ቃል ዘለሉ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አያ ጓዴ ቆመዋል፤ ቁጣ የለባቸውም። የጎደለውን ቃል ነገሩትና ተቀመጡ። ጁሃር ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «አይ አያ ጓዴ! የጨርቄ ዋጋ እንኳ እንደዚህ አይጠበቅም!» ከዚያ ወዲያ ማንም ተዋናይ በእሳቸው ፊት ቃል አልዘለለም። «ስተሃል» ሲሉ ግን ሰምቻቸው አላውቅም። ሁልጊዜ «ይመልሱ» ነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ በጥር ወር ነው።

ግንቡን ተደግፈን ፀሐይ ስንሞቅ ስለ ልጃቸው ነገሩኝ። አንድ ልጅ ብቻ ነው የነበራቸው፤ ቀለመወርቅ ይባላል። ያን የጎደለ ድጓ እሱ ይጨርሰዋል ብለው ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ራሳቸው አስተምረውታል። ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ልጁ አሥራ ሰባት ሲሞላው፣ ለበዓል በተሰበሰበ ካህን ፊት ዜማውን እንዲያሰማ አቆሙት። መሀል ላይ አንድ ቦታ ሳተ። መምህር ቢሆን ኖሮ በዝግታ ይመልሰው ነበር። አባት ነበሩና ከሕዝቡ መሀል ተነሥተው ጮኹበት።

«‹ስተሃል!› አልኩት። ‹ስተሃል፣ አንተ ደንቆሮ!› አልኩት፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ። በነጋታው ከሠርቶ አዳሪዎች ጋር ሴቲት ሁመራ፣ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ። የመጨረሻ የሰማው ቃሌ ያ ነው፣ መምህር።»

አልተመለሰም። አንድ ሰው በንዳድ ታሞ ከዛፍ ሥር ተኝቶ አየሁት አለ። ሌላው ደግሞ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ወንዙን ወደ ሱዳን ሲሻገር አየሁት አለ። ሁለት ቃል፤ ምስክር የለም። አራት ዓመት ሙሉ እርሙን ማውጣት አልቻሉ፣ መጠበቁን መተው አልቻሉ። ሚስታቸው እትዬ አዛለች ጋቢውን በየፋሲካው እያጠበች ታስቀምጣለች፤ እንባ ግን ከዓይኗ ወጥቶ አያውቅም። «ያለቀሰች ዕለት ገደለችው፤ እንዲያ ይመስላታል» አሉኝ።

ጸሐፊ ማለት ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ይኼን ስሰማ አዘንኩ፤ እውነት ነው። ግን ገና ሐዘኔ ሳያልቅ በአእምሮዬ መጋረጃ ተከፍቶ ነበር። ሳላስፈቅዳቸው ጻፍኩት፤ በሁለት ቀን። «መዝጊያ» አልኩት። አባትና እናት ሊመሽ ሲል ቤታቸው ተቀምጠው በመዝጊያው ይጣላሉ፤ እሷ ክፍቱን ይደር ትላለች፣ እሱ ጅብ አለ ይላል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጭቅጭቁ ስለ መዝጊያ ነው፤ የልጁ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይነሣም። በመጨረሻ በር ይንኳኳል። «ማን ነው?» ይላል አባት። «እኔ ነኝ» ይላል ከውጭ ያለው። አባትየው መወርወሪያውን ይስብና፣ «ግባ። ሳትክም አልሳትክም፣ ግባ» ይላል። መጋረጃ።

ባዩ አባት፣ ፈትለወርቅ እናት ሆነው አሳዩት። ሲያልቅ አያ ጓዴ ወደ እኔ አልመጡም። ሰው ሁሉ ወጥቶ እሳቸው በሩ ሥር እንደ ተቀመጡ ቀሩ። ጥፋቴ የዚያን ጊዜ ነው የታየኝ፤ ፈርቼ ቀረብኩ።

«መቼ ይደገማል?» አሉ።

«ወደድከው?»

«መቼ ይደገማል አልኩ እኮ። ‹ግባ› ሲል ቁርጥ ነው፤ አይጎተትም። መምህር ባዩ ጎተቱት።»

ደገምነው። ባዩ ቆረጠው። ለሦስተኛ ጊዜ ስናሳይ እትዬ አዛለችን ይዘው መጡ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ሲያልቅ ወደ እኔ መጣችና እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ፣ በየት በኩል መጣ? በደብረ ታቦር ነው?»

«እናቴ፣ ቲያትር ነው እኮ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። መንገዱን ነው የጠየቅሁህ።»

«በደብረ ታቦር ነው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጓዴ «መዝጊያ»ን በየወሩ እንድንደግመው ይጠይቁኝ ነበር፤ በታየ ቁጥርም ከንፈራቸው ከተዋናዮቹ ጋር ይንቀሳቀሳል። ብዙ ቲያትር ተመልካች አይቻለሁ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም። ሌላው ሰው የሚያደንቀው ሲያስገርመው ነው። እሳቸው የሚያደንቁት ነገሩ እንደ ነበረ ሲገኝ ነው። ልጁ በየወሩ ይመለሳል፤ አንድ ቃል ሳይዛነፍ ይመለሳል።

በሚያዝያ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ደረሰኝ። የገበሬዎቹን ቲያትር የጻፈው ጓደኛዬ ነው፤ «መዝጊያ»ን ገልብጬ ልኬለት ነበር። «ጥሩ ጀምረህ በመጨረሻ ፈራህ» ይላል። «በዚህ አገር የጠፋ የድሃ ልጅ መቼ ተመልሶ ያውቃል? ሕዝቡን በተስፋ አታስተኛው። እውነቱን ጻፍ።»

አፈርኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ጨካኝ ነህ ቢሉት ግድ የለውም፤ ፈሪ ነህ ሲሉት ግን ይሞታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ከደብተሬ ገነጠልኩና ምድጃ አቀጣጠልኩባቸው። አዲስ ጻፍኩ። በሩ ይንኳኳል፤ አባትየው ይከፍታል፤ ነፋስ ነው። ቆሞ ጨለማውን ያያል፤ ከዚያ መወርወሪያውን እየገፋ፣ «ከእንግዲህ የሚመጣ የለም» ይላል። ባዩ አንብቦ ሲጨርስ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰካ።

«ለአያ ጓዴ ነግረሃቸዋል?»

«ቲያትር ነው ባዩ። ዘበኛ አስፈቅጄ ነው የምጽፈው?»

ይኼን መናገሬን እስከ ዛሬ ባዩም አልረሳውም፣ እኔም።

የግንቦቱ ዝግጅት የዓመቱ መዝጊያ ነበር። እንግዶች ተጋብዘዋል። ፊት ለፊት በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ከአውራጃው የመጡ ሹም፣ ጥምጣማቸው ነጭ የሆነ ሁለት ቄሶች፣ አራት የአገር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ጁሃርም በእሱ አቡጀዲ ፊት ኮርቶ። አያ ጓዴ አዲሱን ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው እንደ ወትሮው በሩ ሥር ናቸው። እትዬ አዛለች ከሴቶቹ መሀል አለች።

በሩ ተንኳኳ። ባዩ «ማን ነው?» አለ። መልስ የለም። ከፈተ፤ ቆመ።

ዱላው መሬቱን መታ። «ይመልሱ!» አሉ አያ ጓዴ። «‹እኔ ነኝ› ይላል፤ ዘለላችሁ።»

ሰው ሳቀ፤ ለምዷቸዋል። ባዩ ግን ቀጠለ፤ መዝጊያውን ገፋ። «ከእንግዲህ የሚመጣ የለም።»

«ስተዋል!» አያ ጓዴ ቆመው ነበር። አራት ዓመት ከአፋቸው ያልወጣው ቃል ወጣ። «ስተዋል መምህር ባዩ! ይገባል ልጁ! ይገባል!»

ባዩ መድረኩ ላይ ደርቆ ቀረ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ወጣሁ። በእንግዶቹ ፊት ሥራዬ ሊበላሽ ነው የሚለው ነበር የታየኝ። «አልሳተም አያ ጓዴ። እኔ ነኝ የለወጥኩት። እንዲህ ነው።»

አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ከእኔ አንሥተው ወደ ፊተኛው ወንበር ላኩ፤ ወደ ሹሙ፣ ወደ ቄሶቹ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ አንድ በአንድ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ለካ ለዚህ ነው ሰው የሰበሰባችሁ» አሉ። ድምፃቸው ወድቆ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደግ አድርጋችሁ ነገራችሁኝ።»

ከሴቶቹ መሀል አንድ ድምፅ ተሰማና ታፈነ። አያ ጓዴና እትዬ አዛለች ተያይዘው ወጡ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምስጋና መሰለኝ። ከእሳቸው ከተሰጠኝ አድናቆት ሁሉ የሚበልጥ መሰለኝ። ሹሙ ሲያጨበጭቡ እጅ ነሣሁ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ሰኞ ጧት ቸርኬው አልተደወለም። ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ፈስሰው ሲቆሙ ጁሃር በሩጫ መጣ፤ ያን ጊዜ አልሳቀም።

«ምነው ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ? ከማን ሰማህ የልጁን መሞት?»

«የየትኛው ልጅ?»

«የቀለመወርቅ ነዋ! ቅዳሜ መርዶውን የነገርካቸው!»

እዚያ ቆሜ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ገባኝ። በዚያ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም። የሞተበት ሰው ለብቻው ተጠርቶ «ልጅህ ሞተ» አይባልም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይጠራል፣ ነገሩ በዙሪያ ጥምጥም ይመጣል፣ የሚረዳው ሰው ራሱ እስኪደርስበት ድረስ። እኔ ሽማግሌና ቄስ ከፊት አስቀምጬ፣ ሃያ ደቂቃ በመዝጊያ ዙሪያ አዙሬ፣ «ከእንግዲህ የሚመጣ የለም» ብዬ ነበር። ደግሞም ለእሳቸው ቃል ያለ ምስክር አይፋቅም። ከተፋቀ ምስክር ተገኝቷል ማለት ነው።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ለቀስተኛው ከግቢው ተርፎ መንገድ ላይ ቆሟል። ውስጥ እትዬ አዛለች ፀጉሯን ተላጭታለች። አልጋው ላይ የታጠበው ጋቢ፣ አንድ በትር፣ እና ያ የጎደለ ድጓ ተዘርግተዋል። አልቃሿ እኔ ስገባ አየችኝና ድምጿን አነሣች፤

«ምን ጨዋታ ያውቃል የተማረ ሰው፣
በአቡጀዲ ጠቅልሎ መርዶ የሚያደርሰው።»

አያ ጓዴን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንጨት ክምሩ ወሰድኳቸው። አፌ ያለ ፈቃዴ «አንቱ» አለ።

«አያ ጓዴ፣ እርስዎ የመሰለዎት አይደለም።»

«ከሁመራ የመጣ ሰው ነው የነገረዎት? አፈር የት እንደ ቀመሰ ተናገረ?»

«ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

«ከራስዎ?»

«አዎ።»

«የፊተኛውንስ? የመጣበትን?»

«እሱንም ከራሴ።»

አንድ ፍልጥ አንሥተው አገላብጠው አዩት፤ መልሰው በቦታው አኖሩት።

«የፊተኛው ግድ የለም» አሉ። «የፊተኛው መጻፍ ነው። የኋለኛው ግን መፋቅ ነው። ያለ ምስክር ፋቅኸው?»

«እርስዎ»ው ቀርቷል። ጮኸው ሰድበውኝ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። «ልግባና ለእትዬ አዛለች ልንገራቸው፤ ለሰዉም ልናገር» አልኩ። እጃቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ፤ በኃይል አይደለም።

«አራት ዓመት አላለቀሰችም። ትናንትና ዛሬ አልቅሳ፣ አሁን ትንሽ ቀለል አላት። ገብተህ ምን ልትላት ነው? ‹አልሞተም አልልሽም፣ አለም አልልሽም፣ እኔ አላውቅም› ልትላት ነው? ተው ልጄ። እሷ ታልቅስ። ያንኛውን እኔ ብቻዬን እይዘዋለሁ።»

እንዲሁ ሆነ። አርባው ተዘከረ። በቤቱ ውስጥ አንዷ ሐዘኗን ጨርሳ ስትለብስ ስትጎርስ፣ አንዱ ደግሞ ከሐዘንተኛ ጋር እያዘነ፣ ልቡ ገና ደጅ ደጁን ያያል። ከዚያ የሚበልጥ ብቸኝነት በመጽሐፍም አላነበብኩም።

በሰኔ መጨረሻ ዕቃዬን ስሸክፍ አያ ጓዴ በቀትር መጡ። አልቆጡም፤ ከዚያ ወዲያ ተቆጥተውኝ አያውቁም። በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«የፊተኛው አለህ?»

«አቃጥዬዋለሁ።»

«ደብተር አምጣ እንግዲያ። እኔ ጋ አለ።»

ደብተር አወጣሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ፤ «እናት፦ መዝጊያው ክፍቱን ይደር። አባት፦ ጅቡንስ ምን ትይዋለሽ?» እኔ የጻፍኩትን ነው የሚነግሩኝ፤ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። አንድ ቦታ «ደግሞ» የሚለውን ረስቼ ስጽፍ «መልስ» አሉኝ። ድምፅ የሚወድቅበት ሲደርሱ በጣታቸው ቃሉ አናት ላይ ያመለክቱኛል፤ እኔም እንዳሳዩኝ ምልክቱን አኖራለሁ። ጭቅጭቁ ሁሉ ተጻፈ። ጓጓሁ፤ ሊመልሱት ነው፣ እኔ የፋቅሁትን እሳቸው ሊመልሱት ነው ብዬ።

«በሩ ይንኳኳል» አሉ። ጻፍኩ።

«አባት፦ ማን ነው?» ጻፍኩ።

ብዕሬን አንሥቼ ጠበቅሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እንደገና ተንቀሳቀሰ። ዓይናቸውን ገለጡ፤ መሬቱን አዩ፣ ጣራውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። የዓመቱን ዜማ በቃሉ የያዘ ሰው ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ድንጋጤ አይቼ አላውቅም።

«ጠፋኝ» አሉ።

«እኔ አውቀዋለሁ አያ ጓዴ። ሁለት መስመር ነው። ልጻፈው?»

እንደ ልመና ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አስጠጋሁ።

«አይሆንም» አሉ። «አንተ አንድ ጊዜ ፍቀሃል። ምስክር አትሆነኝም።»

በበሩ ወደ ፀሐዩ አዩና ብድግ አሉ። «ሰዓት ደረሰ፤ ልጆቹ ይጠብቁኛል» አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ቸርኬው ሲደወል ሰማሁ።

በስድሳ አራት ጁሃር ማረፋቸውን ጻፈልኝ። እትዬ አዛለች እንዳለች፣ ከሁመራ ግን በደብረ ታቦርም በሌላም መንገድ የመጣ ሰው እንደሌለ ጨምሮ ነግሮኛል። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ቲያትር ጻፍኩ፤ ብዙ ተጨበጨበልኝ። «ይበል» ያለኝ ግን አላገኘሁም።

ደብተሩ ከእኔ ጋር ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ ያለበት ገጽ «አባት፦ ማን ነው?» ብሎ ይቆማል፤ ከ«ማን» አናት ላይ ትንሽ ምልክት አለች። ከዚያ በታች ባዶ ነው። የሚቀጥለውን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ብዕር አንሥቻለሁ። መልሼ አስቀምጠዋለሁ።